አሥራ አንድ ገጽ ይጎድላል

ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ እንጅባራ

የባለቤቴ የውብአየሁ ተዝካር ዛሬ ወጣ። ድንኳኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረሰ። የእድሩን ወንበር ቆጥሬ አስረከብሁ፤ ስልሳ መጥቶ ነበር፣ ስልሳ ተመለሰ። አንድ ብርጭቆ ተሰብሯል፤ እሱንም አስመዘገብሁ።

ዮርዳኖስ ነገ ጧት ወደ ባሕር ዳር ትመለሳለች። «አባዬ፣ ለትንሽ ጊዜ እንኳ ከእኔ ጋ ሁን» አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኋት። «ጡረታ ከወጣህ ስድስት ዓመትህ ነው» አለች። እሱም ልክ ነው።

በጓሮ በኩል ሁለት ሴቶች ሳህን እያጠቡ ሲጫወቱ ሰማሁ።

«አንዲት እንባ እኮ አልወጣውም።»

«አስተማሪ አይደል? ፈተና ሲጠብቅ እንደሚቆመው ነው የቆመው።»

ሳቁ። ክፋት አልነበረውም። የጎረቤት ወሬ ነው። በእርግጥም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነበር የቆምሁት።

ሚያዝያ 27

ቢሮ ገባሁ። 11 ገጽ። ሰው የለም፣ ጸጥ ያለ ነው። ከሰዓት ዝናብ።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ዛሬ ኪዳኑ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። የመዛግብት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ልጅ ሳለ ሒሳብ አስተምሬዋለሁ፤ ክፍልፋይ አይገባውም ነበር፣ አሁንም አይገባውም።

«ቲቸር፣ ትናንት እንዴት ዋሉ? ትንሽ አረፉ?» አለኝ።

«ደኅና ዋልሁ» አልሁት።

14 ገጽ።

ማታ ዮርዳኖስ ደውላ «ግን ምንድን ነው የምትሠራው?» አለችኝ። ላስረዳት ሞከርሁ፤ አልተሳካልኝም። እዚህ ልሞክረው።

እኔና እናቷ ያስተማርንበት ትምህርት ቤት የድሮ ሮስተሮች በስካነር ይነሣሉ። ሮስተር የክፍል ኃላፊው በዓመቱ መጨረሻ የተማሪዎቹን ሁሉ ውጤት የሚሞላበት ሰፊ ወረቀት ነው። ምስሉ ሲስተሙ ውስጥ ይገባል። ከምስሉ ሥር የሚሞላ ቅጽ አለ፦ የሰነድ ዓይነት፣ አርእስት፣ ትምህርት ቤት፣ ክፍል፣ ዓመት፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ የተማሪዎች ስም። ያንን የሚሞላ ሰው የድሮ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ አለበት፤ እኔን የጠሩኝ ለዚህ ነው። ሣጥኖቹ ሁሉ ከተሞሉ ገጹ ለማጽደቅ ይቀርባል። የጎደለ ካለው «ረቂቅ» ሆኖ ይቀራል። ሌሎች ያስገቡትን እየተመለከትሁ የማጸድቀው ወይም የምመልሰውም እኔ ነኝ። ወረቀቱ ራሱ በገባበት ቁጥር ታስሮ ዳንግላ ወዳለው መጋዘን ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን የያዘ ሰው ያገኘዋል፤ ቁጥሩን ያልያዘ እዚያ ገብቶ ቢውልም አያገኘውም።

ይኸው ነው። ውብአየሁ ብትሆን በሁለት ዓረፍተ ነገር ትጨርሰው ነበር።

ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

9 ገጽ። ሌሎች ካስገቡት ሃያ ሁለት ገጽ አየሁ፤ ሃያ አንዱን አጸደቅሁ፣ አንዱን መለስሁ። የሦስተኛ ክፍል ሮስተር ነው፣ የ1985። ጽሕፈቱ ጥርት ያለ ነው። ግን በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ተራ ቁጥር አራት፦ በእርሳስ የተጻፈ አይጸድቅም። ምክንያቱን ጽፌ መለስሁት።

በእርሳስ የሚሞሉ አስተማሪዎች ነበሩ። «ልጁ እስከ ሰኔ ድረስ ይሻሻል ይሆናል እኮ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሰኔ ሲደርስ ሙሉት እል ነበር። በዚህ ብዙ ተከራክረናል።

ምሳ አልበላሁም፤ ረስቼው ነው።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

16 ገጽ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ።

ቤት ስገባ ሁለት ብርጭቆ አወጣሁ። አንዱን መለስሁ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

አንዲት ሴት መጣች። ሸጋ ይኸነው። በአዘና በኩል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ሥራ ከያዘች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። የትምህርት ማስረጃ እየተጣራ ነው። ስምንተኛ ክፍል መጨረሷን የሚያሳየው ካርዷ የቤታቸው ጣሪያ ሲያፈስ ረጥቦ ተበላሽቷል፤ በእጇ ያለው ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው፣ ማኅተሙ አይነበብም። የአጣሪ ኮሚቴው ሰዎች «ፎርጅድ ይሆናል» ብለዋታል። እስከ ሰኔ 5 ከሮስተሩ ማረጋገጫ ካላመጣች ከሥራ ትሰናበታለች። ሦስት ልጆች አሏት።

ከእናቷ ጋር ነበር የመጣችው። እናትየው ከኪዳኑ ጋር በአዊኛ ተነጋገሩ። አልገባኝም። ሠላሳ ስድስት ዓመት አዊኛ ከምትናገር ሴት ጋር ኖሬ አልተማርሁትም፤ እሷ ትተረጉምልኛለች እያልሁ። «ምን አሉ?» ብዬ ኪዳኑን ጠየቅሁት።

«ፊትዎን አይተው ነው፤ ሰው ሞቶባቸዋል ወይ አሉኝ።»

«በ1992 ስምንተኛ ለ ነበርሁ» አለች ሸጋ። «የክፍላችን ኃላፊ እርስዎ ነበሩ፣ ቲቸር።»

«ይጣራል» አልኋት።

ሲስተሙ ላይ ሁለት ዓይነት ፍለጋ አለ። ከላይ ያለችው ሣጥን የጸደቁትን ብቻ ታያለች። ስሟን ጻፍሁባት፤ የለም። ከሣጥኗ ሥር «ዝርዝር ፍለጋ» የሚል አለ። እሱ ሲከፈት በየመስኩ ይጠይቃል፦ በየትኛው ትምህርት ቤት? በየትኛው ዓመት? ማን አስገባው? መቼ? ሁኔታው ምንድን ነው፣ ረቂቅ፣ የጸደቀ፣ የተመለሰ ወይስ ሁሉም? ኪዳኑ ይህን ገጽ አይወደውም። «ቲቸር፣ ይኼማ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ቃልህን ስጥ ነው የሚለው» ይላል። እኔ እወደዋለሁ። በደንብ የተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ትምህርት ቤቱን፣ 1992ን፣ ስምንተኛ ክፍልን ሞላሁ። ሁኔታ፦ ሁሉም። ሦስት ተገኘ። ሀ፣ ሐ እና መ።

ለ የለም።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ያደረግሁትን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ዓመቱን ከ1990 እስከ 1994 አሰፋሁ፤ ምናልባት አንድ ሰው ዓመቱን አሳስቶ እንደሆነ። የለም። ክፍሉን ሰባተኛ አደረግሁ፣ ዘጠነኛ አደረግሁ። የለም። የሸጋን ስም ትቼ አብረዋት የተማሩ የሦስት ልጆችን ስም ሞከርሁ። የለም። ስማቸውን ከየት አመጣሁት? ከራሴ። አስታውሳቸዋለሁ። እሷንም አስታውሳታለሁ፦ ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮት ሥር፤ ቁጥር ስትጽፍ ሰባት ላይ ሰረዝ ታደርግ ነበር። አልፋለች። ማለፏን አውቃለሁ።

ግን ማስታወስ ማስረጃ አይደለም። አርባ ዓመት ለተማሪዎቼ ያልሁት ይህንኑ ነው፦ መልሱን ማወቅህ አይበቃም፣ አሠራሩን አሳየኝ።

ግንቦት 11

7 ገጽ ብቻ። ዮርዳኖስ ደወለች። የእናቷን ልብስ ምን እንዳደረግሁት ጠየቀችኝ። ቦታው ነው ያለው አልኋት።

ግንቦት 14፣ ኀሙስ

ሸጋ ዛሬ ብቻዋን መጣች። በሚኒባስ ነው፤ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነበር። ደብዳቤውን ሰጠኋት። ኪዳኑ ቢፈርምበትም ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ በአጣሪነት ስሜ አለበት። «በተደረገው ማጣራት የተጠቀሰው ሮስተር በመዛግብት ክፍሉ አልተገኘም።» አንድ መስመር ናት።

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አልተገኘም ማለት ምን ማለት ነው፣ ቲቸር?»

«ፈልገነው የለም ማለት ነው።»

«የለም ነው ወይስ አላገኛችሁትም?»

ኪዳኑ «ያው ነው፣ እህቴ» አላት።

«ያውማ አይደለም» አለች። «እኔም ካርድ ክፍል ነኝ። ካርድ ሲጠፋብን በሽተኛውን አንተ የለህም አንለውም። ፊታችን ቆሞ እያሳለ!»

ኪዳኑ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ደብዳቤውን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችና ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ባጃጅ አልያዘችም፣ በዝናብ በእግሯ ነው የሄደች።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ክፍል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ ቢኖር አጨበጭብለት ነበር።

ግንቦት 15

ምንም።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

አንድ ቁም ሣጥን ነበር፤ ከድሮ ርእሰ መምህር ቢሮ። ጣሪያው ሲያፈስ የሥረኛው መደርደሪያ በስብሶ የተጣለ ወረቀት እንዳለ ሰምቻለሁ። ስምንተኛ ለ እዚያ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ራሴን አሳመንሁ።

ሁለት ሰዓት ያህል አሳመነኝ።

ግንቦት 21፣ ኀሙስ

ኪዳኑ ሰምቶ ነገረኝ። ሸጋን ከካርድ ክፍል አንሥተዋታል። እስከ ሰኔ 5 ደመወዝም ሥራም የለም፤ ከዚያ በኋላ ስንብት ነው። ለማስረጃ ያያያዙት የእኛን ደብዳቤ ነው።

«ቲቸር፣ እኛ ምን እናድርግ?» አለኝ። «የሌለ ነገር አንፈጥርም።»

አዎ። የሌለ አንፈጥርም።

ቤት ስደርስ የወጥ ቤቱ መብራት ሲበራ አገኘሁት። ጧት እኔው ነኝ ያላጠፋሁት። በሠላሳ ስድስት ዓመት መብራት ሳላጠፋ ወጥቼ አላውቅም፤ የምትረሳው እሷ ነበረች፣ እኔ ደግሞ እናገራት ነበር። በየቀኑ። ትንሽ ነገር ላይ በየቀኑ።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

አዲስ ዘዴ። ገጹን ያስገባሁት እኔ ራሴ ከሆንሁና አንድ ሣጥን አሳስቼ ከሆነ፣ በስም ሳይሆን በቀን ልፈልገው። «ያስገባው» በሚለው ላይ ስሜን፣ «የገባበት ቀን» በሚለው ላይ አንድ ቀን ብቻ። የተገኘውን ምስል ሁሉ እየከፈትሁ በዓይኔ አያለሁ።

ሲስተሙ ቀኑን የሚይዘው በፈረንጅ ነው። ከጥር ጀምሮ የሠራሁባቸውን ቀናት በሁለቱም አቆጣጠር በሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። እሑዶችን አወጣሁ። ከመጋቢት 17 እስከ ሚያዝያ 2 አልነበርሁም፤ አወጣሁ። የስቅለትንና የፋሲካን ሰሞን አወጣሁ። ሚያዝያ 27 የድል በዓል ነው፤ ቢሮ ዝግ ነው፤ አወጣሁ።

በጣም ንጹሕ ሰንጠረዥ ሆነ።

ግንቦት 28

ጥር ተጠናቀቀ። የካቲት እስከ 14። የለም።

ሰኔ 1፣ እሑድ፣ ጰራቅሊጦስ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ያቺ ሳህን ስታጥብ የነበረችው ሴት፣ ጎረቤታችን እንቁ፣ በር ላይ አገኘችኝ። ሽሮ በሳህን ይዛ ነበር።

«ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ የሐዋርያት ጾም ነው፤ ለሰማንያዋ የጾም ነው የምንሠራው አይደል? ዓርብ እኮ ነው።»

«ዓርብ ነው» አልኋት።

«ትንሽ ይቅመሱ እንጂ። ከስተዋል፣ ልብስዎ ሰፍቶዎታል።»

ሰማንያዋ ሰኔ 6 ነው። የሸጋ ቀነ ገደብ ሰኔ 5። ሁለቱን ቀኖች አንድ ላይ እያሰብሁ እንደሆነ ያወቅሁት አሁን ስጽፈው ነው።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ቀኖቹን ሁሉ ጨረስሁ። የለም። ሁሉንም ምስል በዓይኔ አይቻለሁ።

ለመዝጋት ያህል ድምሩን አመሳከርሁ። ልማዴ ነው፤ ሥራ ሲያልቅ ከሁለት በኩል ይደመራል። በሲስተሙ ላይ ስሜን ጽፌ «ያስገባው፦ ትዕዛዙ፤ ዓመት፦ ከ1960 እስከ 2005» ብዬ ፈለግሁ፦ 412 ገጽ። ቀጥሎ ከጥር ጀምሮ በየቀኑ በዚህ ደብተር የጻፍሁትን ቁጥር ደመርሁ፦ 423።

ደግሜ ደመርሁ። 423።

ኪዳኑ «ቲቸር፣ እርስዎም ተሳሳቱ ማለት ነው? ዛሬ ቀኑን ልጻፈው!» አለኝ። ልጁ ደስ ብሎታል። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የጠበቀው ቀን ነው።

አሥራ አንድ ገጽ ይጎድላል።

ከዓመት ሣጥኑ ላይ 1960ንና 2005ን ማጥፋት ነበረብኝ። ያኔ አላሰብሁትም። ዓመት የሚለውን በሞላሁ ቁጥር ዓመቱ ባዶ የሆነውን ገጽ ሁሉ ከፍለጋው እያስወጣሁት ነበር። ዝርዝር ፍለጋ እንዲህ ነው፤ አንድ ነገር ባጠበቅህ ቁጥር አንድ ነገር ከደጅ ይቀራል። ለአራት ሳምንት ያህል እያጠበቅሁ ነበር።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ጧት ከቤት ሳልወጣ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥሁ። አሥራ አንድ የሚል ቁጥር አንድ ቦታ ብቻ አለ።

«ሚያዝያ 27። ቢሮ ገባሁ። 11 ገጽ። ሰው የለም፣ ጸጥ ያለ ነው።»

በእጄ የተጻፈ ነው። የድል በዓል ነው። ቢሮ ዝግ ነው። አላስታውሰውም። ዝናቡን እንኳ አላስታውስም።

በር ላይ ዘበኛውን ሽባባውን ጠየቅሁት። «በሚያዝያ፣ የድል በዓል ዕለት፣ እዚህ የገባ ሰው ነበር?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ቲቸር! የቀልድዎን ነው የሚጠይቁኝ? ዛሬ በዓል ነው፣ ዝግ ነው አልሁዎት። ክፈት አሉኝ። ከፈትሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ሻይ ላምጣ ብዬ ሁለት ጊዜ መጣሁ፤ አልሰሙኝም።»

«ለምን ለኪዳኑ አልነገርህም?»

«ምን ብዬ? ሰው ሐዘን ላይ ነው ብዬ ተውሁት።»

ገብቼ ዝርዝር ፍለጋውን ከፈትሁ። ያስገባው፦ ትዕዛዙ። የገባበት ቀን፦ በፈረንጅ ሜይ 5። ሌላውን ሁሉ ባዶ ተውሁት።

አሥራ አንድ ተገኝቷል።

ሁሉም ረቂቅ ናቸው። ትምህርት ቤት፣ ባዶ። ክፍል፣ ባዶ። ዓመት፣ ባዶ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ባዶ። የተማሪዎች ስም፣ ባዶ። ምስሎቹ ቀጥ ብለው የተነሡ ናቸው፤ አንዱም አልተንሻፈፈም። የሰነድ ዓይነት የሚለው በትክክል ሮስተር ይላል።

አርእስት በሚለው ሥር፦

ውብአየሁ መሳፍንት
ውብአየሁ መሳፍንት
ውብአየሁ መሳፍንት

እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ። አንድም ፊደል አልተሳሳተም።

ስድስተኛው 1992፣ ስምንተኛ ለ ነው። ተራ ቁጥር 31፣ ሸጋ ይኸነው። አማካይ 71.4፣ አልፋለች። በእስክሪብቶ ነው። ከታች የእኔ ፊርማ አለ።

ኪዳኑ ከኋላዬ መጥቶ ቆሞ ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም። አልቀለደም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ «ቁጥሩን ይንገሩኝ፤ ዳንግላ ልደውል» አለኝ።

ሰኔ 5፣ ኀሙስ

ዋናው ወረቀት ረፋድ ላይ ከዳንግላ ደረሰ። ኪዳኑ ራሱ ነው ሄዶ ያመጣው፤ ሾፌር አላምንም ብሎ።

ማስተካከያ ደብዳቤ መጻፍ ነበረብን። ቅጹ ላይ «የስሕተቱ ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ኪዳኑ «የቴክኒክ ችግር ይበሉት፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝ። አልሁት፦ ሲስተሙ አልተሳሳተም፤ የጠየቅሁትን ነው የመለሰልኝ።

ብዙ አሰብሁበት። የጻፍሁት ይህ ነው፦ «ሰነዱን ያስገባው ሠራተኛ በዕለቱ ሥራ ላይ መገኘት አልነበረበትም።» ስሜን ጽፌ ፈረምሁ። ኪዳኑ አነበበውና ማኅተሙን አደረገበት።

ሸጋ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰች። ስልክ ስንደውልላት ድንች እየኮተኮተች ነበር፤ በእጇ ላይ አፈር ነበረ። ደብዳቤውን ሳይሆን ሮስተሩን ነው መጀመሪያ ያየችው። በጣቷ ተራ ቁጥሩን እየተከተለች ወረደች። 31 ላይ ቆመች።

«አለሁ» አለች።

«አለሽ።»

«ቲቸር፣ ያስታውሱኝ ነበር?»

«አስታውስሽ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮት ሥር። ሰባት ላይ ሰረዝ ታደርጊ ነበር።»

«መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት?»

«የመጣሽ ዕለት።»

«ታዲያ ለምን አላሉም?»

አሠራሩን አሳየኝ የሚለውን ልነግራት አሰብሁ፤ ለዚህች ሴት የሚነገር ሆኖ አላገኘሁትም። «ማለት ነበረብኝ» አልኋት። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ወረቀቱን ተመለከተች፣ ኪዳኑን ተመለከተች፤ ከዚያ «ሂሳብ ላይ 58 ሰጥተውኛል» አለች። «ለሱም ይቅርታ ይጠይቁኝ።»

ኪዳኑ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። ኮሚቴው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፤ ኪዳኑ በሞተር ወስዶ አደረሳት። አሥር ከሩብ ላይ ደውሎ «ተቀብለዋል፤ ሰኞ ሥራ ትገባለች» አለኝ።

እሺ አልሁት። ስልኩን ዘጋሁ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ሰማንያዋ። የጾም ምሳ። ወንበር ሠላሳ፤ ሠላሳ ተመለሰ። ዮርዳኖስ መጥታለች። የሸጋ እናት ሳይጠሩ መጡ፤ ከአዘና ድረስ። አጠገቤ ተቀምጠው በአዊኛ ብዙ ነገር ነገሩኝ። ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ። ዮርዳኖስ «ልተርጉምልህ?» አለችኝ። ተዪው አልኋት።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

አሥራ አንዱን ገጽ ዛሬ አስተካከልሁ። ኪዳኑ «እኔ ልሥራው፣ ቲቸር» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልሁ። ያበላሸ ነው የሚያስተካክለው።

አርእስት የሚለውን እያጠፋሁ ትክክለኛውን እጽፋለሁ፤ አንዱን ገጽ ስጨርስ ወደ ሌላው። ስሟን አሥራ አንድ ጊዜ አጠፋሁ። አምስት ሰዓት ላይ ጀምሬ ዘጠኝ ላይ ጨረስሁ። ሌላ ጊዜ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ሲያልቅ እንደ ደንቡ ማረጋገጥ አለ፤ የቀረ እንዳይኖር። ዝርዝር ፍለጋውን ከፈትሁ። ስሟን ጻፍሁ። ሁኔታ፦ ሁሉም። ሌላውን ሣጥን በሙሉ ባዶ ተውሁት። ምንም አልተገኘም ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

አንድ ተገኝቷል።

ያስገባው ኪዳኑ ነው። ሦስተኛ ሐ፣ 1985። የክፍሉ ኃላፊ፦ ውብአየሁ መሳፍንት። ሁኔታ፦ የተመለሰ። ምክንያት፦ «በእርሳስ የተጻፈ። ትዕዛዙ።»

ሚያዝያ 29 የመለስሁት ነው። የማን ጽሕፈት እንደሆነ ያኔም አውቅ ነበር። እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍሁትም እንጂ አውቅ ነበር።

ኪዳኑን ጠራሁት። «ተራ ቁጥር አራት» አልሁት፤ «በእርሳስ የተጻፈ አይጸድቅም የሚለው፤ ማሻሻል ቢያስፈልግ ለማን ነው የሚጻፈው?»

ገጹን አየ። እኔን አየ። «ቲቸር» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት። በጥር። እኔማ አንብቤውም አላውቅ።»

እንግዲያውስ ጽፌዋለሁ። ከተራ ቁጥር አራት ሥር አንድ መስመር ጨመርሁ፦ የክፍል ኃላፊው ፊርማ ያለበት ከሆነ በእርሳስ የተጻፈም ይጸድቃል። ቀኑን ጻፍሁ።

ከማጽደቄ በፊት ግን መጣራት አለበት። ምስሉን አጎላሁት። አርባ ሁለት ልጆች ናቸው። ውጤቱን አንድ በአንድ ደመርሁ። ሽባባው መጥቶ «ቲቸር፣ ልዘጋ ነው» አለኝ፤ ትንሽ ቆይ አልሁት፤ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። በዘጠኝ ቦታ ላጲስ ነክቶታል። በዘጠኙም ቦታ ቁጥሩ ተሻሽሎ ከፍ ብሏል፤ አንድም ዝቅ ያለ የለም። የልጆቹን ስም ሁሉ አነበብሁ።

ድምሩን ሁለት ጊዜ አጣራሁት። ሁሉም ልክ ነው።